2500 ብለን የሸጥነው ኮንቨርተር

እኛ ሁለት እህትማማቾች ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሻርጃ እያመጣን ናይሮቢ ስንሸጥ ስምንት ዓመት ሆነን። መኪና መንዳት የምትችለው አንዳችን ብቻ ናት፤ የዕቃ ቁጥር ግን ሁለታችንም በቃላችን ነው። ያ ቁጥር አንዴ ጉድ ሠርቶናል።

አንድ ወጣት ለቱርቦ ሱባሩው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቶርክ ኮንቨርተር ከእኛ ገዛ። አምጪው "2500 ነው" ብሎን ነበር፤ እኛም ያንኑ አልነው። መኪናው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሞተሩ ከዚያ በላይ የማያልፈው የደቂቃ ዙር ማለት ነው። በሳምንቱ ልጁ ተቆጥቶ መጣ። "3000 ይደርሳል፣ ያንሸራትታል፣ የሞተ ዕቃ ሸጣችሁብኝ!" ገንዘቡን መለስንለት። የወሩ ትርፋችንም አብሮ ሄደ።

ዕቃውን ካምቢዮ ለሚሠሩ አንድ ጋሼ ወሰድንላቸው። እጃቸው ላይ ካምቢዮው የወረደ፣ ሞተሩ ያልተነካካ ተመሳሳይ መኪና ነበርና ገጥመው ሞከሩት። 2500 ላይ ቆመ።

"ልጆቼ፣ የልጁን ሞተር ጠይቃችኋል?" አሉን። አልጠየቅንም። ለካ የቱርቦውን ግፊት አስጨምሯል።

ኮንቨርተር ውስጥ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ዘይት ነው። የሞተሩ ወገን ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ የካምቢዮውን ወገን ያዞራል። የዘይቱ እምቢታ በዙሩ ካሬ ልክ ያድጋል። ስለዚህ የሞተሩ ጉልበት 1.44 እጥፍ ሲሆን ዙሩ 1.2 እጥፍ ይሆናል፤ 2500ው 3000 ሆነ ማለት ነው። በኮሜርስ ዲፕሎማችን ሒሳቡን ስንደግመው ትክክል ወጣ። ጉልበቱ በዚያ ዙር አካባቢ ካልጨመረ ግን ቁጥሩ አይነቃነቅም።

ተቃራኒውም አለ። ካም ሻፍት ለከፍተኛ ዙር ያስቀየረ ሰው ከታች ጉልበት ያጣል፤ በዚያው ኮንቨርተር ሲነሳ መኪናው ያንቀላፋል። ለእሱ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ይሻለዋል። መንሸራተቱ ደግሞ ዘይቱን ያግላል፤ ካምቢዮ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ጋሼ እንኳ ሙከራውን ከአምስት ሰከንድ አያሳልፉትም።

አሁን ዋጋ ከመናገራችን በፊት "ሞተሩ ምን ተደርጓል?" እንላለን። "ዕቃ ሻጭ ናችሁ ወይስ መርማሪ?" የሚለን አይጠፋም።

ኮንቨርተሩን የሞከሩበት መኪና ባለቤት በቅናሽ ወሰደው። ለልጁም ደውለን ነገሩን አስረዳነው። "እሺ እትዬ" ብሎ ዘጋው። ባለፈው ወር ግን የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ሊገዛ መጥቶ ነበር፤ ዋጋም አልተከራከረም።