የአጎቴ ወፍጮና የቺንጊያው ፍጥነት

ጓደኞቼ ስለ ጓሳ ሣርና ስለ ቀይ ቀበሮ፥ ስለ አገራችን ታሪክም መጻፍ ይወዳሉ። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የጎማ ቺንጊያ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም አጎቴን አንድ ሙክት አስሽጦታል፤ እኔንም የፊዚክስ ደብተሬን እንደ ገና አስነብቦኛል።

አጎቴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ወፍጮ ቤት አለው። አገራችን ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ስለ ሆነ ወደ ወፍጮው የሚመጣው እህል አብዛኛው ገብስ ነው። ቀድሞ ድንጋዩን ያዞር የነበረው በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ነበር። ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ስለ ነበር እናቶች እህሉን በአህያ ከመጫናቸው በፊት ከደጅ ቆመው ያዳምጡ ነበር። የመብራት መሥመር መንደሩ ከደረሰ በኋላ ግን አጎቴ በናፍጣ ዋጋ ተማርሮ ነበርና ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝቶ ተከለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዱቄቱ ተቃጠለ» የሚል ሮሮ መጣ። አንዲት እናት ከዱቄታቸው በእፍኛቸው ዘግነው በአጎቴ መዳፍ ላይ አደረጉና፥ «እስቲ ያዘው፤ ይህ ከወፍጮ የወጣ ነው ወይስ ከምጣድ?» አሉት። አጎቴም ድንጋዩን አስወቀረ፤ ለውጥ አልመጣም። ደንበኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ወንዝ ተሻግረው ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዱ ጀመር።

እኔ ያን ጊዜ 12ኛ ክፍል መግባቴ ስለ ነበር አዋቂ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ባነብ በደቂቃ 1440 ዙር ይላል። (የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ባለ አራት ዋልታ ሞተር ከ1500 ጥቂት ዝቅ ብሎ ይዞራል።) ወፍጮው ላይ ደግሞ 600 ዙር ተጽፎአል። የሞተሩ ፑሊ ስፋት 20፥ የወፍጮው 36 ሳንቲ ሜትር ነው። 1440 በ20 ተባዝቶ ለ36 ሲካፈል 800 ይሆናል። ድንጋዩ ከሚገባው በላይ 200 ዙር ይሮጥ ነበር ማለት ነው፤ ታዲያ ዱቄቱ ቢግል ምን ይፈረድበታል? «ጋሼ፥ የሞተሩ ፑሊ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ልክ 600 ይመጣል» አልሁት። አጎቴ ስሌቱን አልጠየቀኝም። ለገና ያሰበውን ሙክት ሸጠና በሞላሌና በመዘዞ አድርገን፥ በጣርማ በር አልፈን ደብረ ብርሃን ወረድን፤ በአንድ ቶርኖ ቤትም አዲሱን ፑሊ አስቀረጽን።

በተተከለ ዕለት ወፍጮው ባዶውን ሲዞር ድምፁ የተስተካከለ ነበር። እኔም በኩራት ቆሜአለሁ። ገብሱ ሲገባበት ግን ማቃሰት ጀመረ፤ ቺንጊያው ጮኸ፥ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፥ የወጣውም ዱቄት ሳይሆን ቅንጬ ሆነ። «ለቅንጬ ከሆነማ ከቤታችን ሙቀጫ አለን» ብለው ሳቁ። አጎቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን ዘግቶ ወጣ።

ማታውን የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለ። እርሱ በቨርጂኒያ መኪና በሚያጥብ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። በዚያ መኪናውን ሰው አይነዳውም፤ ከወለሉ ያለ ሰንሰለት ጎማውን እየገፋ በረጅም ዋሻ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ሳሙናውም ብሩሹም በየተራው ይመጣል። (አያቴ «ዋሻ» የሚለውን ሰምታ፥ «እንደ ጣርማ በሩ ነው? ከዚያ ውስጥ ደግሞ ማን ያጥባል?» አለች።) የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። እርሱም እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ማሽኑ መኪናውን አያየውም፤ የሰንሰለቱን እርምጃ ብቻ እየቈጠረ ሳሙናውን ይከፍታል። ቍጥሩ ከእውነተኛው ጕዞ ጋር ካልተስማማ ሳሙናው መሬት ላይ ይፈሳል፥ ብሩሹም ዘግይቶ ይወርዳል። ስለዚህ ወለሉ ላይ 20 ጫማ፥ ማለት 6 ሜትር ያህል፥ ለክተው ያሰምሩና ጎማው ከመሥመር መሥመር የሚደርስበትን ጊዜ በሰዓት ይይዛሉ። 30 ሴኮንድ ከፈጀ፥ ለአንድ መኪና ከነክፍተቱ 20 ጫማ ሲታሰብ፥ በሰዓት 120 መኪና ያልፋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «አንተ ስትለካው ባዶውን ነው ወይስ ተጭኖበት?»

አልመለስሁለትም። እኔ ባዶውንም ቢሆን አልለካሁም ነበር፤ አስልቼ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ወፍጮው ቆሞ ሳለ የቺንጊያውን ርዝመት በሲባጎ ለካሁ፤ 5 ሜትር ከ80 ሆነ። የቺንጊያው ሁለት ጫፍ የተጋጠመበት ስፌት ፑሊው ላይ በደረሰ ቍጥር «ጧ» ይላል። አጎቴ ጋቢዬን አስወልቆ፥ ወደ ቺንጊያው እንዳልጠጋ በዱላ መሬት ላይ መሥመር አሰመረልኝ። ከመሥመሩ ማዶ ሆኜ ድምፁን በስልክ አንድ ደቂቃ ቀዳሁ፤ በኋላም እያዘገየሁ ቈጠርሁ። ባዶውን 116 ጊዜ ጮኸ። ይህን በ5.80 አባዝተን፥ የወፍጮው ፑሊ ዙሪያ 1 ሜትር ከ13 ስለ ሆነ ለዚያ ስናካፍለው 595 ዙር ይመጣል። ስሌቴ ደኅና ነበር ማለት ነው! ገብሱ ሲጨመር ግን ሦስት ጊዜ ቀድቼ 94፥ 95ና 93 አገኘሁ፤ በአማካይ 482 ዙር ብቻ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ፑሊው ሲያንስ ቺንጊያው የሚይዘው ቦታም ያንሳል፤ ሥራ ሲከብደው ሞተሩ ይዞራል እንጂ ቺንጊያው ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ለብዙ ጊዜ የተጋገረ የዱቄት ብናኝ አለበት። ቺንጊያውን ፈትተን ጠረግን፥ ሞተሩንም ወደ ኋላ ስበን አሰርን። ገብስ ተጨምሮበት 112 ሆነ፤ ነገር ግን ኩሽኔታው እንደ ፍም ጋለ። ጥቂት ብናላላው ወደ 108 ወረደ፤ ይህም 554 ዙር ነው። እኔ 600 ካልሞላ ብዬ ስለ ሌላ ፑሊ ሳነሣ አጎቴ ዱቄቱን በመዳፉ ይዞ ነበር። «ለብ ብሎአል፤ ደግሞም ልሟል። ሌላ ሙክት የለኝም» አለኝ።

ከሄዱት ደንበኞች አብዛኞቹ ተመልሰዋል፤ ስለ ምጣድ የተናገሩት እናት ግን እስከ ዛሬ አልመጡም። እኔም በሳምንት አንድ ጊዜ እየቈጠርሁ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስልኬን ሳላወጣ አጎቴ ከበሩ ላይ ተቀምጦ፥ «ዛሬ መቶ አራት ነው፤ ቺንጊያው ላልቶአል» አለኝ። ቀድቼ ቈጠርሁ፤ 105 ነበር። መፍቻውን አምጥቼ ሞተሩን አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሳብነው።