ዲንሾ ላይ የቀረችው አንዲት ሌሊት

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ ባሌ የሚወስደው መንገድ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ዲንሾ ሲደርስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዲንሾ በመኪና ለሚያልፋት ሰው አንድ ጎዳና ናት፤ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ጋቢ የተከናነቡ ፈረሰኞች፣ በቃ። ነገር ግን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ስለሆነ፣ ወደ ተራራው በእግር የሚወጣ ሰው አስጎብኚም ሆነ የጭነት ፈረስ የሚያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ የ14 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። «ቀይ ቀበሮ አሳይሃለሁ፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይም አብረን እንቆማለን» ብዬ ቃል ከገባሁለት ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው።

በደረስንበት ምሽት አስጎብኚያችን «ዲንሾ እራሷ 3,100 ሜትር ያህል ናት። ነገን እዚሁ ዋሉና እደሩ፤ ሰውነታችሁ ይልመደው» አለን። የነበረኝ ፈቃድ አራት ቀን ብቻ ነው። «እኛም እኮ ደገኞች ነን» አልኩት። ሳቀ እንጂ አልተከራከረኝም። (ቢከራከረኝ ኖሮ እሰማው ነበር ብዬ እራሴን ላታልል አልፈልግም።)

በማግስቱ ስንቃችንን በፈረስ ጭነን ወደ ወይብ ሸለቆ ወጣን። ከቀትር በኋላ ልጄ እጄን ያዘና «አባዬ!» አለ በሹክሹክታ። ቀይ ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን አቅንቶ የፍልፈል ጉድጓድ ይጠብቃል። ዘለለ፤ ሳተው። ወዲያው ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄዶ እንደገና ተኛ። ሱብሓነላህ! ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በሕይወት ያሉት ጎልማሶች 500 ያህል ቢሆኑ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ከሰው ይልቅ የሚፈጀው ከእረኛ ውሾች የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባለ ፈረሱ የእርሱ ውሻ መከተቡን በኩራት ነገረን።

ያን ሌሊት ልጄ እራሱን ሲያመው አደረ። «ብርዱ ነው» ይለኛል፤ እኔም «ብርዱ ነው» እላለሁ። ለሱብሒ ስንነሳ የጀሪካኑ ውሃ በረዶ ሠርቷል። ልጁ ሊቆም ሲል ተንገዳገደ፤ ከድንኳኑ ወጥቶም አስመለሰው። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ «ደህና ነኝ አባዬ፣ እንሂድ» አለኝ።

አስጎብኚው ሰማው። «የዚህ መድኃኒቱ ቁልቁለት ነው» አለ። እኔ ግን፣ ልንገራችሁ፣ «ትንሽ እንየው፤ ይሻለው ይሆናል» አልኩ። የፈረሱ ሒሳብ ተከፍሏል፣ ፈቃዴ እያለቀ ነው፣ ቱሉ ዲምቱም ገና ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የታመመ ሰው ወደ ላይ መቀጠል እንደሌለበት፣ ጤነኛውም ቢሆን የሚያድርበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር እንደሚመከር ያወቅሁት በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ያየሁት ልጄ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ማግኘት ሲያቅተው ነው። የሚታገለው እኔን ላለማሳፈር ነበር።

ፈረስ ላይ አስቀምጠነው ወረድን። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ዲንሾ ገብተን ዐስር እንደሰገድን «የሚበላ አለ?» አለ፤ አልሐምዱሊላህ።

የቀረንን ቀን እዚያችው ከተማ አጠገብ፣ ገይሳይ ሜዳ ላይ ዋልን። ደጋ አጋዘኖቹ በፀሐይ ተኝተው ያመሰኳሉ። ልጄ 31 ቆጠረ። እኔ 28 ነው ያልኩት፤ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ተከራከርን።