ከጎልደን ጌት የሚገባው ነፋስ

በሐምሌ ጠዋት የሳን ፍራንሲስኮን ባሕረ ሰላጤ ከበርክሌይ ወደብ ሆኖ ላየው ሐይቅ ይመስላል። ከቀትር በኋላ ግን በዚያው ውሃ ላይ ከ20 እስከ 25 ኖት ይነፍሳል፤ በሰዓት ከ37 እስከ 46 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የነፋሱ ምንጭ ከባሕሩ ርቆ ነው። የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ሸለቆ በፀሐይ ሲግል የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ቦታውን ሊሞላ ቀዝቃዛው የፓስፊክ አየር ይገሰግሳል፤ ተራሮቹ የከፈቱለት ሰፊ በር ደግሞ ጎልደን ጌት የተባለው የባሕር ሰርጥ ነው። ይህን ነፋስ ከሰርጡ ድልድይ ላይ ሆኜ አውቀው ነበር። የወደድኩት ግን በትንሽ ጀልባ ላይ፣ የፊት ሸራ ሲመረጥ እያየሁ ነው።

የጀልባዋ ባለቤት ኦክላንድ የሚኖሩ ጡረተኛ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ሦስት የሸራ ከረጢት አውጥተው ደረደሩ። ትልቁ ጄኖዋ ነው፤ ስዊድናዊው ስቬን ሳለን በ1926 በጣሊያኗ ጄኖዋ ከተማ ውድድር ላይ ያስተዋወቀው፣ ከምሰሶው አልፎ ወደ ኋላ የሚዘልቅ ቀጭን ሸራ። ሁለተኛው ምሰሶው ጋ ሳይደርስ የሚያበቃ ጂብ ነው። ሦስተኛው ለማዕበል ቀን የተሰፋ፣ ትንሽና ወፍራም ጨርቅ።

ባንዲራ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። «ጋሼ፣ ትልቁን አንሰቅልም?» አልኳቸው።

«እዚህ ላለው ነፋስ አይደለም የምንሰቅለው። ከአልካትራዝ ደሴት አጠገብ ለሚጠብቀን ነው» አሉኝና ጂቡን መረጡ። የሸራውን መንጠቆዎች አንድ በአንድ ከፊተኛው ሽቦ ጋር አያያዙ።

ወደብ ላይ መመረጡ ትልቅ ነገር ነው። ማዕበል በሚረግጠው የጀልባ አፍንጫ ላይ ተንበርክኮ ሸራ መቀየር እጅግ አድካሚ ነው። ዛሬ ብዙ ጀልባ አንዱን ትልቅ ሸራ በሽቦው ዙሪያ ጠቅልሎ ያሳንሰዋል። ምቹ ነው፤ ነገር ግን ግማሹ የተጠቀለለ ሸራ ቅርጹ ይበላሻል፤ ጀልባዋም ወደ ነፋሱ አቅጣጫ መውጣት ያቅታታል። እኔ ልቤ ለመንጠቆ አድልቷል።

ከወደቡ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ነፋሱ መጣ። ነፋስ እጥፍ ሲሆን በሸራው ላይ የሚያሳርፈው ጫና አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ10 ኖት ወደ 20 ሲደርስ ይህን በሰውነት ይረዱታል። ጋሼ ዋናውን ሸራ አንድ እጥፍ አሳጠሩትና መሪውን ለእኔ ሰጡኝ። በሁለት ጣት ያዝኩት። ሸራ ሲበዛባት ጀልባ ከልክ በላይ ታዘነብላለች፣ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፣ መሪውም እሷን ለመመለስ ሲጎተት እንደ ፍሬን ይይዛታል። ከፊት ትንሹን ጂብ የሰቀለችው የእኛዋ ግን ማዕበሉን እየሰነጠቀች ገሰገሰች። ማዕበሉም ቀላል አልነበረም፤ ወደ ውቅያኖስ የሚመለሰው የባሕር ውሃ ከነፋሱ ጋር ሲጋጭ ቁልቁል ግድግዳ ይሠራል።

ከሁሉ ያስደነቁኝ በሸራው የፊት ጠርዝ ላይ በሁለቱም ገጽ የተሰፉት የሱፍ ክሮች ናቸው። ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ሲበሩ አየሩ ሸራውን አቅፎ እየፈሰሰ ነው። የላይኛው ክር ቀድሞ ሲንቀጠቀጥ ጋሼ ገመዱ የሚያልፍበትን መዘውር በሐዲዱ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ገፉት፤ ገመዱ የሸራውን የኋላ ጠርዝ ወደ ታች ሳበውና ከላይ እስከ ታች ክሮቹ አንድ ላይ ተዘረጉ። ጀልባዋ ወዲያው ፈጠነች። ይህን ደስታ ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስቤዋለሁ።

ከኤንጀል ደሴት ጀርባ ስንገባ ነፋሱ ሞተ። ውሃው ስለረጋ አፍንጫዋ ላይ መሥራት ቀላል ነበር፤ ጂቡን አውርደን ጄኖዋውን ሰቀልን። ለስም ያህል በምትነፍስ አየር ሰፊው ሸራ ቀስ ብሎ ሞላና ያለ ሞተር አሻገረን። ከደሴቱ ጫፍ ወዲያ ውሃው ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ጋሼ ያንን የነፋስ ጥላ አይተው ጂቡን ከከረጢቱ አስወጡኝ።