«መቼ ነው የምትቀይሪያት?»

ይህን ጥያቄ ከዘመድ ሰምቼዋለሁ፣ ከደንበኛ ሰምቼዋለሁ፣ የፓርኪንግ ሒሳብ ከሚሰበስቡት ልጆች ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ መንጃ ፈቃዴን ሊያይ ካስቆመኝ ትራፊክ ፖሊስ። የምትጠየቀው ኮሮላዬ ናት፤ በፈረንጆቹ የ1998 ሞዴል። ማርሿ በእጅ ነው፣ መስኮቷም በእጅ ይዞራል፣ ኮፈኗን ፀሐይ አንጥቶታል፣ የግራ ፓራፋንጎዋ ቀለም ከሌላው አካሏ ጋር አይገጥምም።

የሒሳብና የኦዲት ቢሮ አለኝ፤ ሥራው ተመስገን ነው። አዲስ መኪና ልግዛ ብል ዕቁብ እስኪደርሰኝ መጠበቅ ወይም የማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልገኝም። ጠያቂዎቼ ይህን ያውቃሉ፤ ጥያቄው የሚደጋገመውም ስለሚያውቁ ነው። አቅም የሌለውን ሰው «መቼ ትቀይራለህ?» ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቅ የለም፤ ነውር ነው።

ሰዎች መልሴን ሳይሰሙ ይመድቡኛል። ገሚሱ «ትሑት ናት» ይላል፣ ገሚሱ «ቋጣሪ ናት» ይላል። አንዲት አክስቴ ደግሞ የራሷ ምድብ አላት፦ «ባልሽ ነው የከለከለሽ?» ሦስቱም ስላልሆነ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ከቁጠባው ልጀምር። ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚመክሩ የውጭ ቪዲዮዎች አዲስ መኪና ከመሸጫው ግቢ እንደወጣች ዋጋዋ ይወርዳል፣ ስለዚህ ብልህ ሰው አሮጌ ይነዳል ይላሉ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ይህን በራሱ ኪስ አይቶታል። እዚህ አዲስ አበባ ግን ለዓመታት ያየነው ተገልብጦ ነው። የደንበኞቼን መዝገብ ስዘጋ ለተሽከርካሪ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እይዛለሁ፤ ወረቀት ላይ ዋጋዋ ተሟጦ ያለቀ መኪና ገበያ ወጥታ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። መኪና የሚገባው በዶላር ነው፣ ዶላር ደግሞ እንደ ልብ አልተገኘም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ ቀድሞ የገባውንም አብሮ አስወደደው። በ2016 አጋማሽ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የዶላር ይፋ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። ብሩን ባንክ አስቀምጦ የተኛ ሰው ደንግጦ ነቃ፤ መኪና ገዝቶ ደጁ ያቆመው ግን እንቅልፉን ቀጠለ።

ስለዚህ «ገንዘብሽን ብረት ላይ አድርጊው» የሚለኝን ጓደኛዬን በቁጥር አልረታውም። የኔዋ ኮሮላ ራሷ ዛሬ ብትሸጥ ከገዛኋት በላይ ታወጣለች። አሮጌ በመንዳቴ ሀብት አፈራሁ የሚል ታሪክ የለኝም።

አዲስ የማልገዛው ቁጠባ የሆነች መኪና መኪናነቷ ስለሚቀር ነው። ሰፈሬ ውስጥ ሸራ ለብሰው የሚውሉ መኪኖች አሉ። ባለቤቶቻቸው መርካቶ ሲሄዱ ታክሲ ይሳፈራሉ። ዝናብ ከጣለ አያወጧቸውም። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ሲጠየቁ «ቦሎዋ አልታደሰም» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ቤት ሊሠሩበት ያሰቡት ገንዘብ ጎማ አውጥቶ ደጃቸው ላይ ቆሟል፤ እንዴት ብለው ጭቃ ውስጥ ያስገቡት?

መንገድ ላይ የምናየው ጠብም አንዱ ምንጩ ይህ ይመስለኛል። ስፖኪዮ ከስፖኪዮ ሲነካካ ሁለቱም ሹፌሮች መሀል መንገድ ላይ አቁመው ይወርዳሉ፤ ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ ይቆማል። የተጫረው ቀለም ብቻ ቢሆን በ«ይቅርታ» ያልፍ ነበር። ሰውየው የሚያየው ግን የተጫረ ልፋቱን ነው።

እኔ ኮሮላዬን እጠቀምባታለሁ። ጤፍ ይጫንባታል፣ ሲሚንቶም ተጭኖባታል። እናቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር እነዳታለሁ፤ ስመለስ የኋላ ኮፈኗ በድንችና በቅቤ ሞልቶ፣ ለሳምንት የሚቆይ ሽታ ይዛ ትመጣለች። የእህቴ ልጅ መንዳት የለመደው በእሷ ነው፤ ፍሪሲዮኗን ያቃጠለውም እሱ ነው። መርካቶ የተገኘው ቦታ ላይ አቁሜያት ስሄድ ዞሬ አላይም። አንድ ባጃጅ ጎኗን ጭሮ ልጁ «ይቅርታ እትዬ» ብሎ እየተንቀጠቀጠ ሲወርድ፣ «ችግር የለም፣ ሂድ» ብዬ መስኮቴን ዘጋሁ። አዲስ መኪና ብነዳ ያን ልጅ እንደዚያ እንደማላሰናብተው አውቃለሁ።

ዋጋ አይከፈልበትም አልልም። ትልልቅ ሆቴሎች በር ላይ ጥበቃው ከፊቴ ያለውን መኪና እጅ ነስቶ ያስገባና እኔን «ማን ጋ ነው?» ይለኛል። ሊሸኘኝ የወጣ አዲስ ደንበኛ ኮሮላዋን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን አያለሁ፤ ሥራዬ ጥሩ ከሆነ መኪናዬ ለምን እንዲህ ሆነች ብሎ እያሰላ ነው። እኔ ደግሞ በኋላ መዝገቡን ስከፍት በተራዬ አሰላለሁ። በዚህ ሙያ ስኖር ያረጋገጥኩት ነገር ቢኖር፣ ደጅ የቆመው መኪና ስለ ድርጅቱ ጤንነት ምንም እንደማይናገር ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ዘግይቶ፣ የጡረታ መዋጮ ሳይገባ፣ ለሥራ አስኪያጁ በብድር መኪና የተገዛበት መዝገብ አይቻለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው የባንክንም ወርቅ ይጨምራል።

እዚህ ድረስ አንብቦ «አሮጌ መኪና ነፃነት ነው ማለት ነው» የሚል ሰው ቢኖር ግን አልስማማም። ነፃነቱ ከመኪናዋ አይደለም የመጣው።

መካኒኬ ጋ የሚመላለስ አንድ የታክሲ ሹፌር አለ፤ በስልክ መተግበሪያ እየተጠራ የሚሠራ። የሚነዳው የእኔኑ ሞዴል ኮሮላ ነው። አንድ ሰሞን የሁለታችንም መኪና ሙቀት ጨመረችና ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። የሁለታችንም ቴስታታ ወርዶ ታየ፣ የሁለታችንም ዕቃ ከሶማሌ ተራ ተገዛ፣ የእጅ ዋጋውም አንድ ነበር። ለእኔ ነገሩ ጥቂት ቀን በታክሲ መመላለስ ነበር። ለእሱ ገቢ መቋረጥ፣ የዕቁብ ሰብሳቢውን መለማመጥ፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ማሸጋገር ነበር። እኔ ጋራዡ በር ላይ ቡና እየጠጣሁ ስልኬን ሳይ፣ እሱ ከመካኒኩ ራስጌ ቆሞ የሚፈታውን ብሎን ይቆጥር ነበር።

ኮሮላዬን ቀላል ያደረጋት ከኋላዋ ያለው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ባይኖር ከሞተሩ የሚሰማ እያንዳንዱ ድምፅ የክፍያ ማስታወቂያ ይሆን ነበር። «ትሑት ነሽ» ሲሉኝ የማይመቸኝም ለዚህ ነው። አንድ ዓይነት መኪና ውስጥ ተቀምጠን እኔ ትሑት ስባል እሱ ያልተሳካለት ይባላል። ሙገሳው ለመኪናዋ ቢሆን ለሁለታችንም ይደርሰን ነበር፤ የተሞገሰው ባንክ ያለው ሒሳቤ ነው ማለት ነው።

የማነቃቂያ ተናጋሪዎች የዎልማርት መሥራች ሳም ዋልተን ቢሊየነር ሆኖ በ1979 ሞዴል ፎርድ ፒክአፕ ይሄድ እንደነበር ይነግሩናል። እውነት ነው፤ መኪናዋም ቤንቶንቪል፣ አርካንሳስ በሙዚየም ተቀምጣለች። ነገር ግን ያቺ ፒክአፕ አንድ ጠዋት አልነሳም ብትል ከዋልተን ኑሮ የሚጎድል ነገር አልነበረም። በዚያው ዘመን ያንኑ ሞዴል እየነዱ፣ ሞተሩ ካልተነሳ ደመወዝ የሚቆረጥባቸው ሰዎች ነበሩ። የእነሱን ፒክአፕ ሙዚየም ያስገባ የለም።

ስለ ደኅንነትም ሳልናገር አላልፍም። ኮሮላዬ ኤርባግ የላትም። ዛሬ የሚሠሩ መኪኖች በግጭት ጊዜ ሰውን ለማትረፍ የሚያደርጉትን እሷ አታደርግም። ስለዚህ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና መብራት ላይ አልሰስትም። የፍሬን ሸራ ሳያልቅ ይቀየራል፣ የታይሚንግ ቺንጋ ሳይበጠስ ይቀየራል፣ ጭስ ማውጣት ከጀመረች ምክንያቱ ይፈለጋል። የዓመቱ የቦሎ ምርመራ ዝቅተኛው ደረጃ ነው፤ እሱን አለፈች ብሎ ተረጋግቶ መንዳት አይገባም። አሮጌ መኪና በቋጣሪ እጅ የሰው ሕይወት ታጠፋለች። ይህን ሁሉ ማድረግ የቻልኩትም ያው ገንዘቡ ስላለኝ ነው። የታክሲው ሹፌር ጎማው እንደሳሳ ከእኔ በላይ ያውቃል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም።

አንድ ቀን እኔም እቀይራለሁ። እናቴ ጉልበቷን እያመማት ነው፤ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥና መነሳት ሲያቅታት ከፍ ያለ መኪና እገዛለሁ። ዛሬ አገራችን ውስጥ አዲስ የግል አውቶሞቢል ማለት ደግሞ ከሞላ ጎደል የኤሌክትሪክ ማለት ነው፤ እሱንም አልጠላውም። የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፣ ካንዴላ የለውም፣ ማርሚታ የለውም። ኃይሉ የሚመጣው ከገዛ ግድቦቻችን ነው፤ ቤቱ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚወጣውም ከቤንዚን በብዙ ያነሰ ነው። ዕቃውና ባለሙያው ገና እንደ ኮሮላ በየሰፈሩ አይገኝም እንጂ እየለመድነው ነው።

ግን በሙያዬ ዓይን ልየው። የኤሌክትሪክ መኪና ትርፉ በገዛችሁት ቀን እጃችሁ አይገባም፤ በየኪሎ ሜትሩ ነው የሚጠራቀመው። ብዙ የነዳ ሰው ወጪውን ቶሎ ይመልሳል፣ ጥቂት የነዳ ሰው መልሶ ላይጨርሰው ይችላል። እኔ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ገበያና ቤተ ክርስቲያን። ነዳጅ ሲጨምር እናደዳለሁ፣ ኑሮዬ ግን አይናጋም። የታክሲው ሹፌር ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ላይ ነው የሚውለው፤ ማደያ ወረፋ ላይ የሚያጠፋው ሰዓትም ከገቢው ላይ የሚቀነስ ነው። በንጹሕ ሒሳብ አዲሱ መኪና የሚያዋጣው ለእሱ ነው። የምንገዛው ግን እኔና መሰሎቼ ነን፤ ቅድሚያ ክፍያውን የምናቀርበው፣ ለብድሩም ቤት የምናስይዘው እኛ ነንና። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው መኪና አዲስ፣ ቀኑን ሙሉ የሚዞረው አሮጌ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ አዲስ አለመግዛቴ ለእሱ አንዲት ሳንቲም አይጨምርለትም። ስለዚህ የእኔን ኮሮላ ማንም ምሳሌ አያድርጋት፤ የግል ምርጫዬ ናት፣ ደስ ስለምትለኝ ነው የምነዳት። ለእሱ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ መኪናዋን ራሷን መያዣ አድርጎ፣ ክፍያውን ከዕለት ገቢው ጋር አስማምቶ የሚያበድር ባንክ።

ከምታነቡኝ መካከል ብድር ክፍል የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ገቢው አይታወቅም» ትሉኛላችሁ። የጥሪ መተግበሪያው እኮ እያንዳንዱን ጉዞ፣ ኪሎ ሜትሩንና ሒሳቡን በየቀኑ ይመዘግብለታል። ኦዲት ከማደርጋቸው ብዙ ድርጅቶች ይልቅ የዚያ ሰው ገቢ ንጹሕ ማስረጃ አለው። እኔን የቤት ካርታዬን አይታችሁ ነገ ጠዋት ታበድሩኛላችሁ፤ ካርታዬ ግን ብድሩን ከየት እንደምከፍል አይነግራችሁም። የእሱ መዝገብ ይነግራችኋል። ብድሩን ከመያዣው ቀድሞ የሚከፍለው ገቢ ከሆነ፣ ከሁለታችን የትኛችን ነን አስተማማኙ ተበዳሪ? የሚያግዳችሁ መመሪያ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ፤ ልማድ ከሆነም ልማድ ነው በሉኝ።