ዕቁቡን ይዘን መጣን፣ ጨዋታውን ግን ተውነው

ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከአዘዞ አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። እዚያ ሳድግ ዕቁብ ማለት እሑድ በአንድ ሰው ቤት መሰብሰብ ነበር። ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዳኛው ዕጣ ያወጣል፣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ይወስዳል። ከዕጣው በፊት ግን ጨዋታ አለ። በሬው የሞተበት፣ ልጁን ሊድር ገንዘብ ያጠረው፣ የሱቅ ኪራይ የተጨመረበት ጭንቁን እዚያው ያወጣዋል። የባሰበት ካለ አባላቱ ተስማምተው ያለ ዕጣ ይሰጡታል።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢም ዕቁብ አለን። ገንዘቡ በስልክ ይላካል፣ ዕጣው በቴሌግራም ይወጣል፣ ሁሉም በሰዓቱ ይከፍላል። ፊት ለፊት ግን አንገናኝም። ኪራይና የክሬዲት ካርድ ወለድ ያስጨነቀው ሰው ሌሊቱን ብቻውን ሲያሰላ ያድራል። ዕዳን ማውራት ገበናን ማውጣት መስሎ ይሰማናል።

ከአገር ቤት የሚመጣው የገንዘብ ጥያቄም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የምንልከው በብር ሲቆጠር በዛ፤ የኑሮ ውድነቱ ደግሞ መልሶ በላው። ቤተሰብ ገና ይጠብቃል፣ እኛም «የለኝም» ማለት ያሳፍረናል።

እኔን የረዳኝ መናገር ነው። ዕዳዬን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍሁ፤ ወለዱ የከበደውን አስቀድሜ መክፈል ጀመርሁ። ለእናቴ በየወሩ የምችለውን ቁርጥ አድርጌ ነገርኋት፤ «ዋናው ጤናህ ነው ልጄ» አለችኝ። ክፍያ ሊያልፍባችሁ ከሆነ ሳያልፍ ለካርድ ኩባንያው ደውሉ፤ ብዙዎቹ ለተቸገረ ሰው ክፍያ ያቀላሉ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ የዕዳ አማካሪዎችም አሉ። ጭንቀቱ እንቅልፍ ከነሣችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ሕይወትን እስከ መጥላት ከደረሰ አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይቻላል።

ዕቁባችንንም እናስተካክለው። ገንዘቡ እንደ ባንክ ተቀማጭ መድን የለውም፤ ስለዚህ የዋስ ሥርዓቱ አይቅር። ቢያንስ በወር አንድ ቀን ቡና አፍልተን ፊት ለፊት እንቀመጥ፤ ዕጣው ከመውጣቱ በፊትም «ማን ተቸገረ?» ብለን እንጠያየቅ።