አልጋችን ሥር ያለው አማና



እኛ ሁለት ወንድማማቾች የባሌ፣ የዲንሾ ልጆች ነን። ዶርማችን የመጣ ሁሉ አልጋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን እያየ «ምንድን ነው?» ይለናል። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። ሁለቱ ቁራጭ የእኛ ነው፤ ሦስተኛው ግን አማና ነው።

አባታችን (አላህ ይዘንላቸው) እንግዶችን በፈረስ ወደ ተራራው ይወስዱ ነበር። አንዱ የውጭ አገር ሰው ሲሰናበታቸው ዘንጉን ሰጣቸው። በእኛ ወንዞች፣ በዌብና በሻያ፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አለ። ዘንጉ እንዲሁ ከጫካ የተቆረጠ ቀርከሃ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ቀጫጭን ስንጥሮች በሙጫ ተጣብቀው ባለ ስድስት ጎን ሆኖ የተሠራ ነው፤ ፋይበርግላስና ካርቦን ከመጡ ወዲህ እንዲህ ያለው ብዙም አይሠራም። ቁራጮቹ በናስ ማገናኛ ይጋጠማሉ።

አባታችን የሚያጠምዱት ለመብላት ብቻ ነበር። እንግዶቹ ዓሣውን ይዘው መልሰው ሲለቁት ሲያዩ «ታዲያ አፉን ለምን ወጉት?» ይሉ ነበር።

ሲሞቱ ውርሱ በሸሪዓው ተከፈለ፤ ቤቱም ከብቱም ድርሻው ታወቀ። ዘንጉን ግን ማንም አላነሳውም። ማታ ሦስታችን ቁጭ ብለን ተከፋፈልነው፤ እጀታውና መሐሉ ለእኛ፣ ጫፉ ለእህታችን። እውነቱን ለመናገር ሙሉው ለእሷ ይገባ ነበር። አባታችንን ተከትላ ወንዝ ስትወርድ ያደገችው እሷ ናት።

ዓምና በሴሚስተር እረፍት ሦስታችንም ሻያ ወረድን። ሲመሽ ማገናኛው አልላቀቅ አለ። ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ መጠምዘዝ እንደማይገባ አባታችን ስንት ጊዜ ነግረውናል። ጠመዘዝነው። ጫፉ ከናሱ በላይ ቀጭ አለ።

እህታችን ምንም ሳትናገር ስብራቱን በሻርፗ ጠቅልላ ወደ ቤት ሄደች። ማታ «አፉ በይን» አልናት።

«የአባቴን እንጂ የእኔን መቼ ሰበራችሁ?» አለች።

ለምነን እንድንጠግነው ተቀበልናት። ናሱን በቀስታ አሙቀን ውስጡ የቀረውን ጉቶ አወጣን፤ የተሰበረውን አስተካክለን በሙጫ መልሰን ከተትን፤ በሐር ክር ጠምጥመን ቫርኒሽ ቀባነው። (ለዚህ ስንል አንድ ሌክቸር አምልጦናል።) አራት ጣት ያህል አጥሯል። ያ አይደበቅም፤ ልንደብቀውም አንፈልግም።

ለዒድ ስንሄድ ሦስቱንም ቁራጭ ይዘንላት እንሄዳለን። እጀታውንና መሐሉንም ጭምር ልንሰጣት ተስማምተናል። ትቀበለን እንደሆነ ገና አልጠየቅናትም።