ዛፍ ያቀፈው ልጄ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ነዳጅ ዋጋም አልጽፍም። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ነኝ፤ ከፊቴ ብዙ መኪና አለ። ተራዬ እስኪደርስ ባለፈው ቅዳሜ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። በተለይ ታክሲ የምትነዱ አባቶች አንብቡት።

እዚህ ሲያትል ለእኛ ቅዳሜ የገንዘብ ቀን ነው። ባለቤቴ ግን "ልጆቹ አንተን የሚያውቁህ ስትተኛ ብቻ ነው" አለችኝ። መልስ አጣሁ። የ7 ዓመቱን ወንድ ልጄንና የ4 ዓመቷን እህቱን ይዘን ገና ሳይነጋ ተነሳን። የ4 ሰዓት ያህል መንገድ ነድተን ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሆህ የሚባለው ጫካ ደረስን።

ጫካ ስላችሁ የባሕር ዛፍ ጫካ እንዳታስቡ። በዓመት 3 ሜትር ተኩል ገደማ ዝናብ ይወርድበታል፤ የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። 60 እና 70 ሜትር የሚደርሱ ዛፎች አሉት፤ ጫፋቸውን ለማየት ቀና ስትል ኮፍያህ ይወድቃል። ከቅርንጫፎቹ ላይ ፈረንጆች ሞስ የሚሉት አረንጓዴ ነገር እንደ ሽማግሌ ጺም ተንጠልጥሏል። የወደቀ ግንድ ማንም አያነሳውም፤ እዚያው እየበሰበሰ ጀርባው ላይ አዳዲስ ችግኞች ተሰልፈው ይበቅላሉ።

ልጄ ግን ይህን ሁሉ ትቶ መንገድ ላይ ያየው ቢጫ ቀንድ አውጣ ጋር ቀረ። ቅርፊት የለውም፣ ርዝመቱ ሙዝ ያክላል፤ ስሙንም ያገኘው ከሙዝ ነው። እህቱም አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ! እኔ ሆዴ ውስጥ ሜትሩ እየቆጠረ ነው። መንገዱ ዞሮ የሚመለስ፣ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በግማሽ ሰዓት ጨርሰን ወደ ባሕሩ ዳርቻ እንወርዳለን ብዬ ነበር።

"አባዬ፣ ሽንቴ መጣ" አለኝ።

"መኪናው ጋ ስንደርስ። አሁን ተራመድ!" አልኩት።

ጥቂት ሄደን ዞር ስል ልጁ የለም።

ያን ሰዓት የሚሰማውን ለጠላቴም አልመኝም። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ስሙን እየጠራሁ ወደ ፊት ሮጥኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ሞሱ ድምፅ ይውጣል፤ ጩኸቴ እዚያው አፌ ላይ የሚቀር መሰለኝ። ስንት ዓመት የማላውቀውን ሰው የማላውቀው በር ላይ ሳደርስ የኖርኩት ሰውዬ፣ የገዛ ልጄ የት እንዳለ አላውቅም።

ባለቤቴ የልጅቷን እጅ ይዛ ከቆመችበት "አንተ ሰውዬ፣ መሮጥህን ተውና እስቲ አዳምጥ!" ብላ ተቆጣችኝ። ቆምኩ። ዝም ስንል ከመንገዱ በስተግራ "እማዬ" የሚል ደከም ያለ ድምፅ ተሰማን። ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ አንድ ትልቅ ግንድ በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። ሱሪውን እንኳ በወጉ አልቆለፈም።

መኪና ውስጥ ገብተን እጄ መንቀጥቀጡን ሲተው ጠየቅኩት።

"ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ?"

"ነግሬህ ነበር እኮ።"

ዝም አልኩ። መንገደኛ እንዳያየው አፍሮ ከግንዱ ጀርባ ዞሯል፤ ሲጨርስ መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋው።

"ታዲያ ለምን ሮጠህ አልፈለግከንም?"

"ከጠፋችሁ ዛፍ እቀፉ፣ ከዚያ አትንቀሳቀሱ ብለውናል፣ ትምህርት ቤት።"

ማታ ስለዚህ ትምህርት አነበብኩ። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ተራራ ላይ ጠፍቶ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚንቀሳቀስ ልጅ ከፈላጊዎቹ እየራቀ ይሄዳል፣ የቆመ ልጅ ግን ቶሎ ይገኛል። ዛፉን ሲያቅፍ ደግሞ ፍርሃቱ ይቀልለታል። እኔ ብሆን "ሩጥ፣ ፈልገን" ነበር የምለው።

ስለዚህ ልጆች ይዛችሁ ጫካ የምትሄዱ፦ ደማቅ ልብስ አልብሷቸው፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ እሰሩላቸው፣ ካርታውን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ዛፍ ማቀፉንም አስተምሯቸው። ከሁሉም በላይ በእነሱ እርምጃ ሂዱ። ቀንድ አውጣ ካዩ እናንተም ቁጭ በሉ።

ትናንት ማታ አንድ ተሳፋሪ "ይቅርታ፣ ሽንት ቤት ያለበት ቦታ ልታቆምልኝ ትችላለህ?" አለኝ። "ችግር የለም ጌታዬ" ብዬ ወዲያው አቆምኩለት። ከዚያ መሪውን ይዤ ስጠብቀው ልጄ ትዝ አለኝ።

ወረፋዬ ደረሰ። ደህና ሁኑ፣ ልጆቻችሁን ሳሙልኝ።